ጓዙን ጠቅልሎ የሚዞረው በረኛ፤ ሊ ሪችመንድ ሩስ

በእግር ኳስ ጨዋታ ከሚሰለፉት አሥራ አንድ ሰዎች መካከል አሥሩ ቢሳሳቱ ስሕተታቸውን የሚያርምላቸው ሰው ከኋላቸው አለ። የበረኛው ስሕተት ግን ወዲያው ጎል ሆኖ ይቆጠራል። ከዚህም የተነሣ በረኛ የሚሆን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠንቃቃና ቁጥብ፣ ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል ርቆ መሄድን የሚፈራ ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሊ ሪችመንድ ሩስ ግን ጎሉን ባዶ ትቶ እስከ ሜዳው መካከል የሚሮጥ፣ ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል ከተመልካች ጋር የሚጫወት፣ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲዛወርም ጓዙን ከመጠቅለል ያልቦዘነ ሰው ነበረ። ስቶክ፣ ኤቨርተን፣ ሰንደርላንድ፣ ሴልቲክ፣ ሐደርስፊልድ፣ አስተን ቪላና ውልዊች አርሰናል ሁሉም በየጊዜው በራቸውን አስጠብቀውታል። የኖረውና የታወቀው በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ ይሁን እንጂ ተወላጅነቱ የዌልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሩስ የተወለደው ኅዳር 27 ቀን 1877 ዓ.ም. በሰሜን ዌልስ፣ ሬክሰም ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለችው በሆልት መንደር ነው። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ ነበሩ ልጁ ያደገው በጸሎትና በሥነ ሥርዓት ቤት ውስጥ ነው፤ በኋላ ያሳየውን ጠባይ የሚመለከት ሰው ግን ይህን ለማመን ይቸግረዋል። በዚያች ትንሽ መንደር በነበረው ትምህርት ቤት ኋላ በድርሰቱ ዓለም ያወቀው ኤች ጂ ዌልስ በ1887 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ አስተማሪ ነበረ። ደራሲው በዚያው ከተማሪዎች ጋር እግር ኳስ ሲጫወት ክፉኛ ተመትቶ ኩላሊቱ ስለ ተጎዳ ማስተማሩን ትቶ ለመሄድ ተገዷል። በሆልት ኳስ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ ጨዋታ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ወጣቱ ሩስ ከዚህ በኋላ በአበሪስትዊዝ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ይማር ጀመር። አበሪስትዊዝ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስትሆን ለከተማዋ ቡድን በረኛ ሆኖ ሲሰለፍ ስሙ ከኮሌጁ አጥር ወጣ። ቁመቱ ስድስት ጫማ ከአንድ ኢንች፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁም ረጅም ነበረ። በ1900 ዓ.ም. አበሪስትዊዝ ድሩይድስ የተባለውን ቡድን 3 ለ 0 አሸንፎ የዌልስን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ ሕዝቡ በረኛውን በትከሻው ተሸክሞ ከሜዳ አወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአበሪስትዊዝን ጥቁርና አረንጓዴ ማልያ እንደ ገድ ይቆጥረው ነበር ይባላል። ለየትኛውም ቡድን ቢጫወት ይህችን አሮጌ ማልያ ከውስጥ ሳይለብስ ሜዳ አይገባም፤ ገዷ ይታጠባል ብሎ ስለሚሰጋም አያሳጥባትም ነበር። ሌላውን ሁሉ በተመለከተ ግን በልብሱ ንጽሕናና በአለባበሱ ማማር የታወቀ ሰው ነበረ።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ከአየርላንድ ጋር ላንዲድኖ ላይ ተጫወተ። ዌልስ 2 ለ 0 አሸነፈች። ተመልካቹ ያልረሳው ግን ውጤቱን ሳይሆን በረኛው ከጎሉ ወጥቶ፣ ኳስ ይዞ በሜዳው ጠርዝ ይሮጥ የነበረውን የአየርላንድ ተጫዋች በትከሻው ገፍቶ ከመስመሩ ውጭ መጣሉንና ሰውዬው ራሱን ስቶ መዘርጋቱን ነው። በጊዜው ሕግ ይህ ጥፋት አልነበረም።

የዚያን ዘመን ሕግ ሳናስረዳ የሩስን አጨዋወት ልንገልጽ አንችልም። ዛሬ በረኛ ኳስን በእጁ ሊነካ የሚችለው በቅጣት ክልሉ ውስጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን እስከ ሜዳው አጋማሽ ድረስ በየትም ቦታ በእጁ መያዝ ይፈቀድለት ነበር። የሚከለከለው ኳሱን ታቅፎ ከሁለት እርምጃ በላይ መሄድ ሲሆን፣ መሬት ላይ እያነጠረ ከሄደ ግን የሚያቆመው ሕግ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ኳስ የያዘን በረኛ አጥቂዎች በትከሻቸው እየገፉ ከነኳሱ ጎል ውስጥ ሊከቱት ይችሉ ነበር። ስለዚህ አብዛኞቹ በረኞች ኳሷ ከእጃቸው እስክትወጣ ድረስ ይጨነቁ ነበርና ርቀው ለመሄድ አይደፍሩም። ሩስ ግን ሕጉ የፈቀደለትን ሁሉ ተጠቀመበት። ኳሷን እንደ ያዘ እያነጠረ እስከ መካከለኛው መስመር ይሮጣል፤ ከፊቱ የቆመውን በትከሻው ያልፋል፤ ከዚያም ረጅም ምት መትቶ ወይም በእጁ ወርውሮ ለአጥቂዎቹ ያደርስና ወደ ኋላ ይበራል። እንዲህ ሲሆን በረኛ መሆኑ ቀርቶ የቡድኑ አሥራ አንደኛ አጥቂ ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሳይመለስ ኳሷ ቀድማው ባዶ ጎል የምትገባበት አደጋ እንዳለ ቢያውቅም ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል የሚል እምነት ነበረው። በዚያን ጊዜ ስለ እግር ኳስ በታተመ አንድ መጽሐፍ ውስጥም ስለ በረኛነት ጥበብ ራሱ ጽፎ ነበር።

ከዌልስ ወደ ሎንዶን የሄደው ሐኪም ለመሆን በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ለመማር ነው። ትምህርቱን ግን አልፈጸመም። ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የስቶክ በረኛ ሆኖ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሎንዶን ተነሥቶ በባቡር መጓዝ ግዴታው ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሩስ እስከ መጨረሻው አማተር፣ ማለት ያለ ደመወዝ የሚጫወት ሰው ነበረ። ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ በእንግሊዝ ለፕሮፌሽናል ተጫዋች የተወሰነው ከፍተኛ ደመወዝ በሳምንት 4 ፓውንድ ሲሆን፣ አማተሩ ከመጓጓዣና ከመሰል ወጪ በቀር አንዲት ሳንቲም ሊቀበል አይገባውም። ደመወዝ የሌለው ሩስ ግን በጥሩ ሆቴል ያርፋል፣ ጥሩ ልብስ ይለብሳል፣ የወጪውንም ሒሳብ ለክለቡ ያቀርባል። አንድ ቀን ባቡር ስላመለጠው ለእሱ ብቻ የሚሄድ ልዩ ባቡር ተከራይቶ ከጨዋታው ቦታ እንደ ደረሰና ኪራዩን ስቶክ እንዲከፍል እንዳደረገ ይተረካል። ሌላም ጊዜ ባለ ሥልጣኖች የወጪውን ዝርዝር አጥብቀው ቢጠይቁት፣ ተቃራኒ ተጫዋቾችን ለማባረር ሽጉጥ፣ ሥራ ሲፈታ እንዳይበርደው ኮትና ጓንት፣ ደግሞም ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት የገባበትን ሒሳብ በየሳንቲሙ ዘርዝሮ እንዳቀረበላቸው ይነገራል። ቀልድነቱ ግልጽ ነው። ሆኖም ደመወዝ አልቀበልም የሚለው ሰው ከባለ ደመወዞቹ ይልቅ ለክለቡ ውድ ሆኖ መገኘቱ እኛን ያስገርመናል። በሳምንት 4 ፓውንድ ተቀብሎ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው የቡድኑ ተከላካይ ይህን በምን ዓይን ይመለከተው እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የስቶክ ዘመኑ መከራም ነበረበት። በጥር ወር 1902 ዓ.ም. ቡድኑ ከሊቨርፑል ጋር ሊጫወት ሄዶ ሳለ ምሳ ላይ የበሉት ዓሣ ተበላሽቶ ኖሮ ጨዋታው ከተጀመረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በመጀመሪያ ሩስ ሆዱን ይዞ ከሜዳ ሮጦ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። በዚያን ዘመን ተቀያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ የቀሩት ተጫዋቾች እንደ ምንም ተከላክለው 7 ለ 0 ተሸነፉ።

በ1904 ዓ.ም. ወደ ኤቨርተን ተዛወረ። ኤቨርተን በዚያ ዓመት የሊጉን ሻምፒዮንነት ሊወስድ ተቃርቦ ሳለ ኒውካስል በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ ወሰደበት። ሩስ ግን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ስቶክ ተመለሰ። አማተር ስለሆነ ውል አያስረውም፤ እንደ ልቡ ለመሄድና ለመምጣት የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስሙ በጋዜጣና በየአዳራሹ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነበረ። ከታወቀችው ዘፋኝ ከማሪ ሎይድ ጋር ወዳጅነት እንደ ነበረው ተወርቶ ነበር። ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ ከሌላ ኮከብ ነዋሪዎች ጋር የሚጫወት የዓለም ቡድን ቢመረጥ ብሎ ለጨዋታ ያህል ስም በዘረዘረ ጊዜ በረኛው ሩስ እንዲሆን መርጦታል ይባላል።

በ1907 ዓ.ም. ዌልስ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ጋር በየዓመቱ የምታደርገውን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈች። አየርላንድን 3 ለ 2፣ ስኮትላንድን 1 ለ 0 ረትታ ከእንግሊዝ ጋር 1 ለ 1 ወጣች። በፊት መስመር እጅግ የታወቀው ቢሊ ሜሬዲዝ፣ ከኋላ ደግሞ ሩስ የነበሩበት ይህ ቡድን ለትንሿ አገር ምን ያህል ደስታ እንዳመጣ የዌልስ ሰዎች ዛሬም ያወሱታል። ሩስ እስከ 1911 ዓ.ም. ድረስ ለአገሩ 24 ጊዜ ተጫውቷል።

በአገር ጨዋታ እንኳ ቀልዱን አልተወም። በ1909 ዓ.ም. ዌልስ ወደ ቤልፋስት ስትሄድ ሩስ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ለጉዞ መጣና ሁለት ጣቶቹ እንደ ተሰበሩ፣ ግን እንደ ምንም ብሎ እንደሚጫወት ለጋዜጠኞች ተናገረ። ወሬው ወዲያው ተዛመተ። የአየርላንድ ተመልካችም አንድ እጅ ያለውን በረኛ ለማየት ተሰበሰበ። ሩስ ሜዳ ገብቶ ፋሻውን ፈትቶ ጣለና ጤነኛ ጣቶቹን ለሕዝቡ አወዛወዘ። ዌልስ 3 ለ 2 አሸነፈች።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ ስቶክ ከአንደኛው ምድብ ወርዶ ገንዘብም አጥሮት ሲንገዳገድ፣ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. ሩስ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ሰንደርላንድ ገብቶ ነበር። ከሁሉም ክለቦች በተሻለ የተወደደው በዚህ ነው ብንል አንሳሳትም። ሰንደርላንድ የመርከብ ሠሪዎችና የከሰል ጫኚዎች ከተማ ነበረች፤ የሳምንቱን ድካም የሚረሳው ሕዝብ ቅዳሜ ሲመጣ በረኛው በጎሉ አግዳሚ ላይ እየተንጠለጠለ ሲያጫውተው ደስታው ወሰን አልነበረውም። ሆኖም ሰንደርላንድ ያስጠራው ለጨዋታ ማሳመሪያ ሳይሆን ጎል እየገባበት ስለ ተቸገረ ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት ከመውረድ ተረፈ፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ሦስተኛ ወጣ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1908 ዓ.ም. የሆነውን ነገር የሰንደርላንድ ሰዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ያወርሱታል። ጎረቤታቸውና ባላንጣቸው በሆነው በኒውካስል ሜዳ ላይ ተገኝተው እስከ ዕረፍት ድረስ 1 ለ 1 ነበሩ። ከዕረፍት በኋላ በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስምንት ጎል አግብተው 9 ለ 1 አሸነፉ። ይህ የሆነው በደካማ ቡድን ላይ አይደለም፤ ኒውካስል ያንኑ ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኖ ነው የጨረሰው። ያን ቀን የሰንደርላንድን በር ይጠብቅ የነበረው ሩስ ከዕረፍት በኋላ ብዙም ሥራ እንዳልነበረው ግልጽ ነው።

በ1910 ዓ.ም. ሁለት ነገር ደረሰበት። በመጀመሪያ የስኮትላንዱ ሴልቲክ በረኛው ታሞበት ለዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ለአንድ ቀን ተዋሰው። ከክላይድ ጋር ተጫውተው 3 ለ 1 ተሸነፉ። ሦስተኛው ጎል ሲገባበት ሩስ ያገባበትን ሰው ተከትሎ ሮጦ በእጁ ጨብጦ አመሰገነው ይባላል፤ የሴልቲክ ደጋፊዎች ግን ይህን ጨዋነት አልወደዱለትም።

ሁለተኛው በሚያዝያ ወር በስቶክ የሆነው ነው። ፖርት ቬል የተባለው የስቶክ ጎረቤት ክለብ፣ የሁለቱ ክለቦች ተጠባባቂ ቡድኖች በስቶክ ሜዳ ለአካባቢው ሊግ ሻምፒዮንነት ሲገናኙ፣ ከውጭ የታወቁ ተጫዋቾችን ለአንድ ቀን ሰብስቦ መጣ። ከነሱም አንዱ ሩስ ነበረ። መምጣቱ ሳያንስ የድሮውን የስቶክ ማልያ ለብሶ ብቅ አለ። የቀድሞ ወዳጆቹ ምቱን ሁሉ ሲያድንባቸው ትዕግሥታቸው አለቀ። ሕዝቡ ሜዳውን ጥሶ ገባና በረኛውን ተሸክሞ በአጠገቡ ወዳለው ትሬንት ወንዝ ይወስደው ጀመር። ከውኃው ሊወረውሩት ተቃርበው ሳለ በብዙ ልመናና ግፊያ ዳነ። እኛ እንደሚመስለን የስቶክ ሰዎች ጭካኔ ምንም ምክንያት ባይኖረውም ቁጣቸው ግን መሠረት ነበረው። ክለባቸው በ1908 ዓ.ም. ገንዘብ አልቆበት ከሊጉ ወጥቶ በአነስተኛ ውድድር ውስጥ ይኖር ነበርና፣ በደኅናው ቀን የወደዱት ሰው ማልያቸውን ለብሶ ሲያላግጥባቸው ማየቱ አንገበገባቸው። ሩስ ሳቅንና ስድብን የሚለየውን መስመር ሁልጊዜ ያውቅ እንደ ነበረ እርግጠኞች አይደለንም።

በኅዳር ወር 1910 ዓ.ም. እንደገና በኒውካስል ሜዳ ሲጫወት የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ሰንደርላንድ ለውለታው አንድ የመታሰቢያ ጨዋታ አድርጎ ገቢውን ሊሰጠው ቢያስብ የእግር ኳስ ማኅበሩ አማተር ገንዘብ አይቀበልም ሲል ከለከለ። በገንዘቡ ፈንታ የከተማው ከንቲባ በጌጥ የተጻፈ የምስጋና ወረቀት ሰጡት። ከዚያ ወዲያ እጁ እንደ ድሮው አልሆነም። ሐደርስፊልድ፣ አስተን ቪላ፣ ውልዊች አርሰናል እያለ በየክለቡ ጥቂት ጥቂት ጨዋታ አድርጎ በ1912 ዓ.ም. ከታላላቆቹ ሜዳዎች ተሰናበተ። በዚያው በ1912 ዓ.ም. በረኛ ኳስን በእጁ መያዝ የሚችለው በቅጣት ክልሉ ውስጥ ብቻ እንዲሆን ሕጉ ተለወጠ። ለሕጉ መለወጥ ምክንያቱ ሩስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በአንድ ሰው ምክንያት ብቻ ተለወጠ ብለን ለመናገር ባንደፍርም፣ ሕጉ ሲለወጥ በሁሉም አሳብ ውስጥ የነበረው የእሱ መልክ እንደሆነ አንጠራጠርም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ዓ.ም. ሲነሣ ሩስ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ዓመት ነበር። የሕክምና ትምህርቱን ባይጨርስም በንጉሣዊው የጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍል ገብቶ በመጀመሪያ በፈረንሳይ አገር ቁስለኞችን ረዳ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጋሊፖሊ ተላከ። ጋሊፖሊ እንግሊዞችና ጓደኞቻቸው ከቱርክ ጋር ተዋግተው ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት፣ ከጥይቱ ይልቅ ተቅማጡና ትኩሳቱ የፈጀበት ቦታ ነው። ቤተ ዘመዶቹ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ጠፋባቸው እዚያው እንደሞተ አድርገው ቆጠሩት።

እሱ ግን አልሞተም ነበር። በ1916 ዓ.ም. በንጉሣዊው ፊውዚሊየርስ ክፍለ ጦር በዘጠነኛው ሻለቃ ተራ ወታደር ሆኖ ተመዘገበ። እንደ ትምህርቱና እንደ ስሙ መኮንን ለመሆን ሳይጠይቅ ጠመንጃ ተሸክሞ ከእግረኞቹ ጋር ምሽግ ገባ። ምዝገባውን የያዘው ጸሐፊ ግን ስሙን ሲጽፍ ተሳሳተ። የሩስ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት ኦዎች ተከታትለው ይገኙበታል። ጸሐፊው በሁለተኛው ፈንታ ሌላ ፊደል አስገባና ስሙ ራውስ ተብሎ የሚነበብ ሆነ። በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ውስጥ የታወቀው በረኛ እንዲህ ሆኖ ጠፋ።

በነሐሴ ወር 1916 ዓ.ም. በሶም ጦርነት ላይ ፖዚየር በተባለው መንደር አጠገብ ጀርመኖች እሳት በሚተፋ መሣሪያ ምሽጉን አጠቁ። የሩስ ልብስ ተቃጠለ፤ ጢሱም አፈነው። ወደ ኋላ ሄዶ እንዲታከም ቢችልም ከስፍራው አልተነቃነቀም። የእጅ ቦምብ እያነሣ ክንዱ እስኪዝል ድረስ ወረወረ። ክንዱ አልታዘዝ ባለው ጊዜ ጠመንጃውን አንሥቶ መተኮስ ጀመረ። ኳስ ከጎሉ አንሥቶ እስከ ሜዳው ማዶ ይወረውር የነበረውን ክንድ ለምን እንደ ተጠቀመበት የሚያውቁት ጓደኞቹ ነበሩ። ለዚህ ሥራው የወታደር ሜዳይ ተሸልሞ የምክትል አሥር አለቃነት ማዕርግ አገኘ። ሜዳዩም ቢሆን የተመዘገበው በተሳሳተው ስም ነው።

ጥቅምት 7 ቀን 1916 ዓ.ም. በጌዶኩር መንደር አጠገብ ሻለቃው ወደ ጀርመኖች ምሽግ እንዲሮጥ ታዘዘ። ሩስ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ እየተኮሰ ወደ ፊት ሲሮጥ ታይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም። ሬሳውም አልተገኘም። አንድ ወር ከሃያ ቀን ቢቆይ ኖሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ይሞላው ነበር።

በሶም ሬሳቸው ያልተገኘ ከሰባ ሺህ በላይ ሰዎች ስም በቲየፕቫል ከቆመው ታላቅ ሐውልት ላይ ተቀርጿል። ከነዚህ መካከል የሩስም ስም አለ፤ ግን የተቀረጸው መዝገቡ ላይ እንደነበረው በዚያው በአንድ ፊደል ስሕተት ነበረ። እሱን ፈልገው የሄዱ ሰዎች በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሊያገኙት አልቻሉም። ቤተ ዘመዶቹም በቱርክ አፈር ውስጥ ያለ እየመሰላቸው ለረጅም ጊዜ ኖሩ። በፈረንሳይ የወደቀው ምክትል አሥር አለቃና የሰንደርላንዱ በረኛ አንድ ሰው መሆናቸው ለሕዝብ በሰፊው የታወቀው፣ በ2007 ዓ.ም. የሕይወት ታሪኩ በመጽሐፍ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው።